እኩል ደመወዝ፣ የማይተካከል መንገድ፦ ስለ ትምህርት ቤት ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ዝውውር



የዝውውር ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያውቅ ሰው አንዲት ሐረግ አትጠፋውም፦ «በያዙት ደረጃና ደመወዝ ተዛውረው እንዲሠሩ»። የመንግሥት ሠራተኛ ሕጋችን ለተዛዋሪው የሚሰጠው ዋና ዋስትና ያለው እዚህ ነው። ደረጃህ አይነካም፣ ደመወዝህ አይቀነስም፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ ነው ነገሩ። ለአንድ ዳይሬክተር ወይም ለአንድ ከፍተኛ ባለሙያ ይህ ይበቃው ይሆናል። ለጽዳት ሠራተኛዋና ለጥበቃው ግን ግማሽ ዋስትና ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው፦ በደመወዝ እርከኑ ታችኛው ጫፍ ላይ ላለ ሰው የመንገዱ ርዝመት የደመወዙ አካል ነው፤ የዝውውር አሠራራችን ደግሞ ባለፉት ዓመታት ብዙ ነገር ሲያሻሽል መንገዱን ሳያይ አልፎታል።

አስቀድሜ ግን የተሻሻለውን ላመስግን። ነባሮቹ ታስታውሳላችሁ፤ ዝውውር ማለት ማመልከቻ ጽፎ ደጅ መጥናት ነበር። ማመልከቻው በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። ሰው ያለው በሳምንት ይዛወራል፤ ሰው የሌለው «በጀት የለም»፣ «ተተኪ ሲገኝ»፣ «ሐምሌ ይምጣና» እየተባለ ዓመት ይቆጥራል። ክፍት መደብ የት እንዳለ የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ሰው ብቻ ነበር፤ መዝገቡን የያዘው ሰው ደግሞ ዘመድ አለው፣ የአገር ልጅ አለው፣ የሚፈራው አለቃ አለው።

ሕጉ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በ1994 አዋጅ ቁጥር 262 ወጣ፤ በ1999 አዋጅ ቁጥር 515 ተተካ፤ በ2010 አዋጅ ቁጥር 1064 መጣ፤ እሱም በተራው በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1353 ተተካ። ክልሎችና የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም የየራሳቸው አዋጅና የአፈጻጸም መመሪያ አላቸው፤ የትምህርት ቤት ድጋፍ ሰጪ ሠራተኛ በአብዛኛው የሚተዳደረው በእነዚህ ነው። በሁሉም ውስጥ መሠረቱ አልተናወጠም፦ ሠራተኛ የሚዛወረው ተመሳሳይ ወደሆነ፣ እኩል ደረጃና ደመወዝ ወዳለው መደብ ነው። ጤናው በያዘው ሥራ ወይም ባለበት ቦታ እንዳይቀጥል የሚከለክለው ከሆነ ደግሞ በሐኪም ማስረጃ ወደሚስማማው መደብ እንዲዛወር ይደረጋል። ይህች የመጨረሻዋ ለእኛ ሰዎች ትልቅ ነገር ናት፤ ለሃያ ዓመት ጎንበስ ብሎ ወለል ሲያጥብ የኖረ ወገብ፣ ሌሊት በብርድ የቆመ ጉልበት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

በአሠራሩ ላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከአዋጅ ይልቅ ከሥራ ምዘናው ነው። ጥጉ፣ እጥ፣ ጽሂ የሚባሉትን የድሮ የደረጃ መጠሪያዎች የምታስታውሱ አላችሁ፤ ስትስቁ እያየሁ ነው። በ2012 በስፋት ወደ ሥራ የገባው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን፣ በተለምዶ ጄኢጂ የምንለው፣ እነዚያን አንስቶ ሁሉንም መደብ በ22 ደረጃዎች ላይ አስቀመጠ። የሚመዘነው ሰውየው ሳይሆን መደቡ ሆነ። ይህ ለዝውውር ያመጣው ጥቅም ቀላል አይደለም። የአንዱ ትምህርት ቤት ሪከርድ ሠራተኛ ከሌላው ጋር እኩል መሆን አለመሆኑ በኃላፊ ፈቃድ መወሰኑ ቀረ፤ ወረቀቱ ይናገራል። ክፍት መደብ በማስታወቂያ ይወጣል፤ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ አገልግሎት፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤትና የግል ማኅደር ይታያል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ የተከፋ ሰው ለቅሬታ ሰሚ ያቀርባል። ከደጅ ጥናት ወደ ቃለ ጉባኤ መሸጋገር ትልቅ እርምጃ ነው። ቃለ ጉባኤ ቢዋሽ እንኳ ተፈርሞበት ነው የሚዋሸው።

እንግዲህ ምስጋናዬን እዚህ ላይ ላቁም። ምክንያቱም መደቡን ማየት የለመደ ዐይን ሰውየው ከየት ተነስቶ እንደሚመጣ ማየት ያቆማል።

እስቲ አብረን እናስላ። እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,100 ብር ነበር። በዚያው ዓመት 4,760 ሆነ፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ገባ። ከዚህ ላይ ሰባት በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 420 ብር ይነሳል። በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ለተቀረው 2,000 ደግሞ 20 በመቶ ተቆርጦ ግብሩ 700 ብር ይሆናል። እጅ ላይ የሚገባው 4,880 ብር ነው። አሁን ይህች ሠራተኛ ከቤቷ በእግሯ ደርሳ ትሠራ የነበረች ናት እንበል። በ«ያዙት ደረጃና ደመወዝ» ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ተዛወረች። ለመሄድ ሁለት ታክሲ፣ ለመመለስ ሁለት ታክሲ፤ አንዱን በ20 ብር ብንይዘው በቀን 80 ብር፣ በ22 የሥራ ቀን 1,760 ብር ነው። ከእጇ ከሚገባው ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ሄደ ማለት ነው። ደረጃዋ አልተነካም፤ የደመወዝ መክፈያ ሊስቱ ላይ ያለው ቁጥርም ያው ነው። ቤቷ የሚገባው ዱቄት ግን ቀንሷል። ይህንን በዲሲፕሊን ቅጣት ከደመወዟ ብንቆርጥባት ኖሮ ክስ፣ መልስ፣ ምስክር፣ ውሳኔ፣ ይግባኝ ይኖረው ነበር። በዝውውር ሲሆን አንድ ገጽ ደብዳቤ በቂ ነው።

«ፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለ አይደለም ወይ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለ፤ መታወቂያ ላሳየ የመንግሥት ሠራተኛ በነፃ ነው፤ ብዙ ሰው አሳርፏል። ሰዓቱ ግን የቢሮ ሰው ሰዓት ነው። ተማሪ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል እንዲገባ ወለሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ መሞላት፣ ጓሮው መጠረግ አለበት። የተማሪዎች ምገባ ባለበት ትምህርት ቤትማ ቁርስ ከተማሪው ቀድሞ መድረስ ስላለበት ግቢው ገና በጨለማ ነው ሥራ የሚጀምረው። የሌሊት ጥበቃው ደግሞ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲጎርፍ እሱ ወደ ሥራ ነው፤ አውቶቡሱም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ለእነዚህ ሰዎች የቀረው የመጀመሪያውን ታክሲ መጠበቅ፣ ወይም በጨለማ በእግር መሄድ ነው። ሴት ልጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ብቻዋን መንገድ ላይ መውጣቷን በዝውውር መስፈርት ውስጥ ቦታ የሰጠው ኮሚቴ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ፦ ሠራተኛው ባይዛወር ቤቱ ይዛወራል። ለዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የደረሰው ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ገባ፤ ሥራው ያለው አራት ኪሎ ነው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። ከእነዚህ መካከል ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ትኖር የነበረች፣ ደወል ሲደወል ከቤቷ የምትሰማ የጽዳት ሠራተኛ ትኖራለች። ልጆቿ እዚያው ይማሩ ነበር፤ ምሳዋን ቤቷ ትበላ ነበር። ቤቷ ሲነሳ የሥራ መደቧ የትም አልሄደም። በ2013 ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ክፍለ ከተማ ሲሆንም ያየነው ይህንኑ ነው፤ ሰው ሳይንቀሳቀስ ድንበሩ መጥቶ አለፈበት፤ ትናንት በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ የነበረ የውስጥ ዝውውር ዛሬ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሚደረግ ዝውውር ሆነ።

ልዩነቱን ለማታውቁት ላስረዳ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያለቅሰው። በአንድ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ውስጥ ከሆነ ደመወዙ ከአንድ ቋት ነው የሚከፈለው፤ ስምን ከአንድ ሊስት ወደ ሌላ ማዘዋወር ነው። ድንበር ሲሻገር ግን ተቀባዩ ወገን ክፍት መደብና በጀት እንዳለው ጽፎ መጠየቅ፣ ለቃቂው መፍቀድ፣ የግል ማኅደሩ መላክ፣ የደመወዝ ማቋረጫ መሠራት አለበት።

አንድ ቀን የማውቃት ሠራተኛ ለዝውውሯ ክሊራንስ ስትጨርስ አብሬያት ነበርኩ። ወረቀቷን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛለች። ንብረት ክፍል ሄደች፤ የተረከበችውን ባልዲ፣ መጥረጊያና ጋውን በሞዴል 22 ወስዳ ነበርና ቆጥራ አስረከበች፤ አንድ መወልወያ ጎደለ። መወልወያው ያለቀው በሥራ ላይ ነው፤ የተወገደበት ወረቀት ግን የለም። ቤተ መጻሕፍት ሄደች፤ ማንበብና መጻፍ የቸገራት ሴት ከመጽሐፍ ዕዳ ነፃ ናት ተብሎ ተፈረመላት። ፋይናንስ ሄደች፤ ፈራሚው ለስብሰባ ወጥቷል፤ ነገ ተባለች። በነጋታው ስትመጣ የወሩ 18ኛ ቀን ነበር፤ የቀድሞው መሥሪያ ቤት እስከ 17 ከፍሎ አቋረጠ፤ አዲሱ ደግሞ «የዚህ ወር ፔሮል ወጥቷል፣ በሚቀጥለው ወር ይታይልሻል» አላት። የሰው ሀብት ባለሙያው ስህተት አልሠራም፤ የፋይናንሱም እንዲሁ። እያንዳንዱ የራሱን መመሪያ ተከትሏል። እሷ ግን ከባለሱቅ በዱቤ ስትበላ ከረመች። የዝውውር ደብዳቤ ቀን ከወር መጨረሻ ጋር እንዲገጥም ማድረግ ለመንግሥት አንድ ሳንቲም አያስወጣውም። ይህን ለማድረግ አዋጅ መጠበቅም አያስፈልግም።

እስካሁን የሠራተኛውን ጉዳት ነው ያነሳሁት። ትምህርት ቤቱስ?

ርእሳነ መምህራን ይህን ክፍል ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ምክንያቱም መምህር ሲዛወርባችሁ ትጮኻላችሁ፤ የሪከርድ ሠራተኛ ሲዛወር ግን «ሌላ ይላኩልናል» ብላችሁ ትፈርማላችሁ። የአንድ ነባር ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ ነው። የሮስተሩ ጥራዝ ጀርባው ተገንጥሏል፤ የአንዳንዱ ዓመተ ምሕረት በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ የአንዳንዱ ደግሞ የተጻፈው በሠራተኛዋ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ አንድ የቀድሞ ተማሪ ዘመዱን ወክሎ «የ1984 የስምንተኛ ክፍል ውጤቴ ይፈለግልኝ» ብሎ ሲልክ፣ በዚያ ዓመት ሁለተኛው መንፈቅ በሌላ ሮስተር መሞላቱን፣ ያም ሮስተር በመስኮቱ በኩል ከታች ሦስተኛው መሆኑን የምታውቀው እሷ ናት። ያ ሰው የውጭ አገር ትምህርቱ፣ አንዳንዴም የመኖሪያ ፈቃዱ በዚያች ወረቀት ላይ ተንጠልጥሏል። እሷን በሐምሌ አንስታችሁ ሌላ ሰው በመስከረም ስትቀበሉ፣ በመካከሉ ነሐሴ አለ፤ ምዝገባ አለ፤ የመሸኛ ወረቀት ይዘው የሚመጡና የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ።

ለምን ሐምሌ? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ መምህራንም በክረምት ስለሚዛወሩ። የድጋፍ ሰጪው ዝውውር በመምህሩ የቀን መቁጠሪያ ላይ ተለጠፈ። ለመምህሩ ክረምት የእረፍት ጊዜው ነውና ይስማማል። ለድጋፍ ሰጪው ክረምት ወንበር የሚጠገንበት፣ ክፍል ቀለም የሚቀባበት፣ ንብረት የሚቆጠርበት፣ ተማሪ የሚመዘገብበት፣ ለጥበቃው ደግሞ ግቢው ሰው አልባ ሆኖ ሌባ የሚያይልበት ወቅት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሪከርድና የንብረት ሠራተኛ ዝውውር በሁለቱ መንፈቆች መካከል መሆን አለበት፤ ርክክቡም ተቀባዩ ባለበት፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢያንስ አንድ ሳምንት ሠርተው ይሁን። ቁልፍ ማስረከብና ሥራ ማስረከብ ለየቅል ናቸው።

የመምህራንን ነገር ካነሳሁ አይቀር፤ የመምህራን ዝውውር ያለ ችግር ነው አልልም። ግን በየዓመቱ ይጠበቃል፣ ይወዳደሩበታል፤ የአገልግሎት ዘመን፣ የጋብቻና የጤና ሁኔታ ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርም ከ1941 ጀምሮ አለ፤ ቢያንስ «አባሎቼ» ብሎ የሚጽፍ ማኅተም ያለው አካል ነው። የድጋፍ ሰጪው ሠራተኛ ማኅተም የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ ስላደረጋቸው፣ አንድ የፋብሪካ ዘበኛ በማኅበሩ በኩል በኅብረት ስምምነት የሚደራደርበትን ዝውውር የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘበኛ በማመልከቻ ነው የሚለምነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይናገራል። የጽዳት ሠራተኛ ከዚያ «ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ» በላይ ናት የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

የማይሆን ነገር እያወራሁ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ወገኖቻችን ወዳሉበት ልውሰዳችሁ። በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ይኖራሉ፤ በትምህርት ቤቶቹ ውስጥ አውቶቡስ የሚነዱ፣ ካፍቴሪያ የሚሠሩ፣ ሕንፃ የሚጠብቁ አሉባቸው። እዚያ የድጋፍ ሰጪ ሠራተኞቹን የሚወክል ኤስኢአይዩ ሎካል 500 የሚባል ማኅበር አለ፤ ከትምህርት ቦርዱ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ይፈራረማል፤ በፈቃድ መዛወርና ያለ ፈቃድ መዛወርም በስምምነት የሚወሰን ጉዳይ ነው። አሜሪካ ሀብታም ስለሆነች አይደለም፤ ወረቀት ላይ ሁለት ወገን መፈረሙ ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ ዘንድ የዝውውር መመሪያ ሲከለስ በረቂቁ ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የሚጠሩት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ናቸው። ዘበኛው አዳራሹን ይከፍትላቸዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራውን በአደባባይ ላንሳ። ዝውውር ቅጣት ሆኗል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆቻችን የዲሲፕሊን ቅጣቶችን ዘርዝረው አስቀምጠዋል፦ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የደመወዝ መቀጮ፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ከሥራ ማሰናበት። ደጋግማችሁ አንብቡት፤ ዝውውር የሚል አታገኙበትም። ግን እትዬ እገሌ በስብሰባ ላይ «የሳሙና ግዢው የት ገባ?» ብላ ጠየቀች፤ በወሩ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ተዛወረች። ጋሼ እገሌ የርእሰ መምህሩ መኪና ከግቢ የትምህርት ቤት ጣውላ ጭኖ እንዳይወጣ በር ዘጋ፤ እሱም «ለሥራው ቅልጥፍና» ሄደ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የምትለው ሐረግ ምክንያት አይደለችም፤ ምክንያት መጻፍ ያልፈለገ ሰው የሚጽፋት ናት። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ሲጠየቅ ደግሞ «ደረጃና ደመወዝህ ተጠብቋል፤ ምን ተበደልክ?» ይላል። ያቺ ግማሽ ዋስትና እዚህ ላይ ጋሻነቷ ለአሠሪው ይሆናል።

ያለ ጥያቄው ለተዛወረ ሠራተኛ ደብዳቤው ላይ ተጨባጭ ምክንያት መጻፍ ግዴታ ቢሆን ግማሹ ዝውውር አይጻፍም ነበር ብዬ አምናለሁ። የቀረው ግማሽ ግን ይጻፋል፤ መጻፍም አለበት። አንድ ትምህርት ቤት ተማሪው ቀንሶ አሥር የጽዳት ሠራተኛ ይዞ፣ አዲስ የተከፈተው በሦስት ሰው ሲታመስ ማሸጋሸጉ ተገቢ ነው። በንብረት ክፍል አንድ ሰው ለዓመታት መቆየቱ ለብልሽት በር ይከፍታል የሚለውም ክርክር ውኃ ያነሳል። አሠሪ የማዛወር ሥልጣን ይኑረው። እኔ የምለው ያንን ሥልጣን ሲጠቀም ዋጋውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያስላ ነው።

መፍትሔው የሚመስለንን ያህል ሩቅ አይደለም። በጣም ቀላሉ መቀያየር ነው። ጉለሌ እየኖረ አቃቂ የሚሠራ ጥበቃ አለ፤ አቃቂ እየኖረ ጉለሌ የሚሠራም አለ። ሁለቱ በጠዋት መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። መደባቸው አንድ፣ ደረጃቸው አንድ፣ ደመወዛቸው አንድ። ቢቀያየሩ በጀት አይነካም፤ ክፍት መደብም አይጠብቁም። ችግሩ አንዱ ሌላውን አለማወቁ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚኖርበትና መሥራት የሚፈልግበት ወረዳ በአንድ የጋራ ዝርዝር ቢመዘገብ፣ ማኅደሮችን ወደ ኮምፒውተር እያስገባን ባለንበት በዚህ ጊዜ፣ ማጣመሩ የአንድ ባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛው ማስታወቂያው ነው። የክፍት መደብ ማስታወቂያ የሚለጠፈው በክፍለ ከተማው ወይም በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ፣ ከዚያም በቴሌግራም ነው። ሌሊት አድሮ ጠዋት የሚተኛ ጥበቃ ወረዳ ሄዶ ሰሌዳ አያነብም፤ ስማርት ስልክ የሌላት የጽዳት ሠራተኛ ቴሌግራሙን አታይም። በየትምህርት ቤቱ የፈረቃ መፈረሚያ መዝገብ ካለበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም ይነበብለት፤ የምዝገባው ጊዜም ሦስት ቀን አይሁን።

በምገባ የተሰማሩት እናቶች ዛሬ በአዳራሹ የሉም፤ ቋሚ ቅጥር ስላልሆኑ የዝውውር መብት የሚባል ነገር አይመለከታቸውም። የእነሱ ጉዳይ ራሱን የቻለ መድረክ ይፈልጋል፤ እዚህ አልጀምረውም።

ወደ ዋናው ልመለስና ልጨርስ። የዝውውር ኮሚቴ ሲቀመጥ ፊቱ የሚዘረጋው ቅጽ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት የሚሉ ዓምዶች አሉት። የመኖሪያ ወረዳ የሚል ዓምድ ቢጨመርበትና ነጥብ ቢሰጠው፣ ኮሚቴው ካልሰጠም ለምን እንዳልሰጠ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጽፍ ቢገደድ፣ የተናገርኩት አብዛኛው ነገር መስመር ይይዛል። ይህ የሚኒስትሮች ምክር ቤትን አይጠይቅም፤ የአፈጻጸም መመሪያ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች ሥልጣን ውስጥ ያለ ነው። ጥቂቶቻችሁ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል። የሚቀጥለው የዝውውር ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ዓምዷን ጨምሯት፤ የዝውውር ደብዳቤዎቹንም የወር መጨረሻ ቀን ጻፉባቸው። እናንተ ሠራተኞች ደግሞ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፤ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የማመልከቻችሁንም ቅጂ ገቢ ሆኖ ቁጥርና ቀን የተጻፈበትን ቤታችሁ አስቀምጡ።